በአራት ማዕዘን የተከፈለ አገር፤ ስለ ስቶሪ አውራጃ መልክና ስለ ሕዝቡ አሰፋፈር

በ11ኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን በጂኦግራፊ ትምህርት ሰዓት መምህራችን ከቁም ሣጥን አንድ አሮጌ ካርታ አውጥተው በሰሌዳው ላይ ሰቀሉና «ምን ይታያችኋል?» ሲሉ ጠየቁን። ካርታው በሰሜን አሜሪካ መካከል በአዮዋ ግዛት የሚገኘው የስቶሪ አውራጃ የመንገድ ካርታ ሲሆን ከታተመ ሰባ ዓመት ያህል ሆኖታል። ማን ወደ ትምህርት ቤታችን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። በእጥፋቱ ላይ ስለ ተቀደደ በስተጀርባው ወረቀት ተለጥፎለታል። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያሉ መሥመሮች ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየተቋረጡ ሞልተውታል፤ በመሥመሮቹም ዳር ዳር ከምስር ፍሬ ያነሱ ጥቁር ነጥቦች ተበትነውበታል።

እኔም እንደ ልማዴ ፈጥኜ ተነሣሁና «ይህስ ካርታ ሳይሆን የሒሳብ ደብተር ነው» አልሁ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። መምህሩ ግን ሳይስቁ «እንግዲያው ሁለት ነገር ንገረኝ፤ ወንዙ ሲጣመም መንገዱ ለምን ሳይጣመም ቀረ? እነዚህ ነጥቦች የገበሬ ቤቶች ናቸው፤ ስለ ምን ተሰብስበው መንደር አልሆኑም?» አሉኝ። መልስ ስላልነበረኝ ተቀመጥሁ። ይህ ጽሑፍ ለእነዚያ ሁለት ጥያቄዎች ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልናገር። «ስቶሪ» በእንግሊዝኛ ታሪክ ወይም ተረት ማለት ስለ ሆነ ብዙዎቻችን አውራጃው ከአንድ የቆየ ተረት ስሙን ያገኘ መስሎን ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ጆሴፍ ስቶሪ የሚባሉ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩና አውራጃው በ1846 ሲከለል በእርሳቸው ስም ተጠራ። እኔ «አውራጃ» ያልሁትን እነርሱ ካውንቲ ይሉታል። የስቶሪ አውራጃ ከሁሉም ወገን 24 ማይል፣ ማለት 39 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ፍጹም አራት ማዕዘን ነው ለማለት ይቻላል። በካርታው ላይ ድንበሩን ያሰመረው ተራራ ወይም ወንዝ ሳይሆን ማስመሪያ ነው።

ምድሩ ሜዳ የሆነበት ምክንያት አለው። ከ14,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሰሜን የወረደ እጅግ ወፍራም የበረዶ ግግር እስከ ዛሬዋ የዴሞይን ከተማ ድረስ አገሩን ሸፍኖት ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ተሸክሞት የመጣውን አፈርና ጠጠር እየጣለ ሄደ፤ ከዚህም የተነሣ አገሩ ዝርግ ሆኖ ቀረ፤ በየቦታውም ውሃ የሚያቁሩ ጎድጓዳ ስፍራዎች በዙ። በዚህ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር በቀለ። ሣሩ በሺሕ የሚቆጠር ዓመት እየበቀለና ሥሩ እየበሰበሰ አፈሩን ጥቁር አደረገው። ጥቁር ነው ስላልሁ ግን የእኛ ዋልካ እንዳይመስላችሁ። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ይጨቀያል። የአዮዋ አፈር ግን እንደ ዱቄት ያልጠነከረ፣ እንደ ሸክላ ጭቃም ያልተጣበቀ፣ በዓለም ከሚገኙት ለም አፈሮች አንዱ ነው።

በዚህ ሣር ውስጥ ሰው አልነበረም የሚል ካለ ተሳስቷል። ግዛቱ ስሙን ያገኘው አዮዌ ከሚባለው ነገድ ነው፤ ከእነርሱም በኋላ ሶክና ሜስክዋኪ የሚባሉት ነገዶች በመካከለኛው አዮዋ ያድኑና በቆሎ ይዘሩ ነበር። ሶክና ሜስክዋኪ በ1842 በተደረገው ውል መሬታቸውን ለአሜሪካ መንግሥት እንዲለቁ ተደረገ፤ በ1845 ደግሞ ወደ ካንሳስ እንዲሄዱ ተገደዱ። የነጮች ሰፈራ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሆኖም ከሜስክዋኪ ወገን የተወሰኑት ተመልሰው በ1857 ከስቶሪ በስተምሥራቅ በምትገኘው በታማ አውራጃ 80 ኤከር መሬት በገንዘባቸው ገዙ፤ ልጅ ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ በዚያው ይኖራሉ። የአባቶችን መሬት በገበያ ዋጋ መልሶ መግዛት ምን እንደሚመስል ሳስብ በካርታው ላይ ያሉት ቀጥ ያሉ መሥመሮች እንደ ቀድሞው ቀላል ሆነው አልታዩኝም።

አሁን ወደ መሥመሮቹ እንመለስ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በዚህ ይገኛል።

አሜሪካ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ መንግሥቱ መሬት እንጂ ገንዘብ አልነበረውም። በ1785 ሸንጎው አንድ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም ገና ያልተሸጠው አገር ሁሉ ሰው ከመስፈሩ አስቀድሞ እንዲለካ የሚያዝዝ ነበር። አለካኩ እንዲህ ነው። አገሩ በየወገኑ 6 ማይል በሆኑ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ታውንሺፕ ይባላል። ታውንሺፑ ደግሞ አንድ አንድ ማይል በሆኑ 36 ክፍሎች ይከፈላል፤ የእያንዳንዱ ክፍል ስፋት 640 ኤከር ወይም 259 ሄክታር ነው። ከ36ቱ ክፍሎች 16ኛው ለትምህርት ቤት ተብሎ ይለያል፤ ከእርሱ የሚገኘውም ገንዘብ ለሕፃናት ማስተማሪያ ይሆናል። ሰው ሳይሰፍር፣ ልጅ ሳይወለድ፣ የትምህርት ቤቱ ድርሻ ተለይቶ መቀመጡን ባነበብሁ ጊዜ ደብተሬን ከድኜ ጥቂት ቆየሁ።

መሬት ለኪዎቹ የሚሠሩት በኮምፓስና 66 ጫማ በሚሆን የብረት ሰንሰለት ነበር። ሰማንያ ጊዜ ሰንሰለቱን ከዘረጉ አንድ ማይል ይሞላል። ዛፍ ባለበት የማዕዘኑን ምልክት በዛፍ ላይ ይቀርጹ ነበር፤ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ደግሞ አፈር ቆልለው እንጨት ይተክሉ ነበር። ያገኙትን ወንዝ፣ ረግረግ፣ የአፈሩንም ዓይነት በመዝገብ ይጽፋሉ። እንግዲህ ወንዙ ሲጣመም መንገዱ ያልተጣመመው ስለዚህ ነው፤ መንገዱ የተሠራው በመሬት ለኪው መሥመር ላይ እንጂ በእግረኛ ዱካ ላይ አይደለም። የመንገዱ ክልል ስፋት እንኳ ዘወትር 66 ጫማ፣ ማለት አንድ ሰንሰለት ነው። በእኛ አገር መንገድ የሚጀምረው ሰውና ከብት ከረገጠው ነው፤ በዚያ ግን መንገዱ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ አስደናቂ ነገር አለ። ምድር ክብ ስለ ሆነች ወደ ሰሜን የሚሄዱ መሥመሮች እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ፍጹም አራት ማዕዘን በምድር ላይ ሊቀጥል አይችልም። ለኪዎቹም ይህን ያውቁ ነበርና በየተወሰነ ርቀት ማረሚያ መሥመር አድርገው እንደ ገና ከአዲስ ይጀምሩ ነበር። በዚያ ስፍራ ቀጥ ብሎ የመጣው መንገድ ድንገት ወደ ጎን ይታጠፍና ጥቂት ርቆ እንደ ገና ወደ ሰሜን ይቀጥላል። ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ መሐንዲሱ ሰክሮ ነበር ሊል ይችላል። የምድርን ክብነት በመኪና መሪ ለማወቅ የሚቻልበት ስፍራ ከዚህ ሌላ ስንት እንዳለ አላውቅም።

ይህን ለአባቴ በነገርኋቸው ጊዜ ወዲያው የጠየቁኝ «ታዲያ በድንበር አይጣሉም?» ብለው ነው። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ከጎረቤታችን ጋር በአንድ የድንበር ድንጋይ ምክንያት ለስንት ዓመት ሽማግሌ እንደ ተቀመጠ ስለማውቅ ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ገባኝ። እኔም ያነበብሁትን ነገርኋቸው። በዚያ አገር ሕግ የመጀመሪያው ለኪ የተከለው ማዕዘን፣ በአለካክ ተሳስቶ እንኳ ቢሆን፣ ድንበር ሆኖ ይጸናል፤ በኋላ የመጣ ለኪ በተሻለ መሣሪያ ቢለካ ሊያነሣው አይችልም። አባቴም ጥቂት አሰቡና «ስሕተቱ የሁሉ ከሆነማ ማን ማንን ይከሳል» አሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ቤቶቹ ለምን ተራርቀው ተሠሩ የሚል ነበር። መሬቱ የተሸጠው በአብዛኛው ሩብ ክፍል ሩብ ክፍል እየሆነ ነው። ሩብ ክፍል 160 ኤከር ወይም 65 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ በአባቶቻችን አለካክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። የመንግሥቱ ዋጋ ለአንድ ኤከር አንድ ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም ስለ ነበረ ሩቡ ክፍል 200 ዶላር ይወጣ ነበር። ብዙ ሰዎች የአሜሪካ መሬት ሁሉ ለሠፋሪ በነጻ የታደለ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን መሬትን በነጻ የሚሰጠው ሕግ በ1862 ሲወጣ የአዮዋ መሬት አብዛኛው ተሽጦ አልቆ ነበር። እንግዲህ ገበሬው ቤቱን በገዛው መሬት ላይ ይሠራል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ። በአንድ ካሬ ማይል ውስጥ አራት ቤት ቢኖር ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለመድረስ ግማሽ ማይል ያህል መሄድ ያስፈልጋል። መንደርን ያስቀረው የሰዎቹ ጠባይ ሳይሆን የመሬቱ አሸጣጥ ነው።

ይሁን እንጂ ሠፋሪዎቹ በመጀመሪያ የመረጡት ሜዳውን አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ ሲመጡ እንጨትና የምንጭ ውሃ ስለሚገኝ በስካንክ ወንዝ ዳርና በጅረቶቹ አጠገብ ሰፈሩ። ሜዳው ረግረግ ነበረ፤ ትንኝ ይፈላበታል፤ ወባም ነበረበት። በ1855 ከኢሊኖይ ግዛት ተነሥተው የመጡ የኖርዌይ ተወላጆች ከአውራጃው በስተደቡብ በሐክስሊና በስሌተር አካባቢ፣ በስተሰሜንም በስቶሪ ሲቲና በሮላንድ አካባቢ ሰፈሩ። በየሰፈሩበትም የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ለብዙ ዘመንም ስብከቱ በኖርዌይ ቋንቋ ነበረ። ካርታው መሬቱን በእኩል ቢከፍለውም ሰዎቹ ግን የአገራቸውን ልጅ እየፈለጉ መስፈራቸውን ልብ ማለት ይገባል።

ረግረጉን እርሻ ያደረገው እጅግ ተራ የሆነ ነገር ነው፤ እርሱም የሸክላ ቧንቧ ነው። ገበሬዎቹ አንድ ሜትር ያህል የሚጠልቅ ቦይ እየቆፈሩ አጫጭር የሸክላ ቧንቧዎችን ጫፍ ለጫፍ ያጋጥማሉ፤ ከዚያም አፈር ይመልሱበታል። ውሃው በቧንቧዎቹ መጋጠሚያ እየሰረገ ይገባና ወደ ጅረት ይወርዳል። ይህ ሥራ ከ1870ዎቹ ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ተስፋፋ፤ የአንዱ ውሃ በሌላው መሬት ማለፍ ስላለበትም ጎረቤታሞች በሕግ ተሰብስበው ወጪውን የሚካፈሉበት የማፋሰሻ ማኅበር ያቋቁሙ ነበር። ዛሬ በዚያ አውራጃ በመኪና የሚያልፍ ሰው የሚያየው ደረቅና ለስላሳ እርሻ ነው፤ ከሥሩ የተቀበረውን የሰው ድካም አያይም። የቀድሞውን ሣር ማየት የሚፈልግ ቢኖር በስቶሪ ሲቲ አጠገብ ዱሊትል ፕሬሪ የሚባል ሳይታረስ የተረፈ ስፍራ አለ፤ ስፋቱም 10 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። በጠቅላላው በአዮዋ ከነበረው የሣር ሜዳ ሳይነካ የቀረው ከሺሕ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ስለ ከተሞቹ ባጭሩ ልናገር። የባቡር ሐዲድ በ1864 ወደ ነቫዳና ወደ ኤምስ ደረሰ፤ ነቫዳ የአውራጃው አስተዳደር መቀመጫ ናት። ከዚህ በኋላ ገበሬ እህሉን በጋሪ ጭኖ በአንድ ቀን ደርሶ እንዲመለስ በሚችልበት ርቀት ትንንሽ ከተሞች በሐዲዱ ላይ በቀሉ። ሐዲድ ያልደረሰላት ከተማ ግን ወየውላት። ሸልዳል የምትባለው ከተማ ሁለተኛው ሐዲድ ጥቂት ርቆ በሰሜኗ ባለፈ ጊዜ ብዙዎቹ ቤቶቿ ከመሠረታቸው ተነሥተው ስሌተር ወደምትባለው አዲስ ከተማ ተወሰዱ። የእንጨት ቤት ስለ ሆነ ይጎተታል፤ የእኛን የጭቃ ቤት እንዲህ ማድረግ አይቻልም።

አሁን ካርታው በታተመበት ዘመን፣ ማለት በ1950 አካባቢ፣ ከእነዚያ ጥቁር ነጥቦች አንዱን ቀርበን እንመልከት። አንድ ነጥብ ማለት አንድ ቤት ብቻ አይደለም። በመካከል ነጭ ቀለም የተቀባ ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት ይገኛል። ከእርሱ ራቅ ብሎ ታችኛው ክፍል የላምና የፈረስ ጋጣ፣ ላይኛው ክፍል የድርቆሽ ማስቀመጫ የሆነ ትልቅ በረት አለ። ነፋስ እንዲያልፍበት በእንጨት ርብራብ የተሠራ የበቆሎ ጎተራ፣ የዶሮ ቤት፣ የዐሣማ ቤትና በነፋስ የሚዞር የውሃ መሳቢያ ይከተላሉ። የክረምቱ ነፋስ ከሰሜንና ከምዕራብ ስለሚመጣ በነዚያ ሁለት ወገኖች ዛፍ በረድፍ ተተክሏል። ሜዳውን ከሩቅ ለሚያይ ሰው እያንዳንዱ ቤት በእርሻ ባሕር ላይ እንዳለ የደሴት ገዳም ይመስላል።

እርሻው አንድ ዓይነት አልነበረም። በቆሎ፣ ቀጥሎ አጃ፣ ቀጥሎም ማገጥ ወይም ሌላ የግጦሽ ሣር እየተፈራረቀ ይዘራ ነበር። በቆሎው ለዐሣማና ለከብት፣ አጃው ለፈረስ ይሆናል፤ ማገጡ ከብቱን ከመመገቡም ሌላ አፈሩን ያድሳል፤ የከብቱም ፍግ ወደ እርሻው ይመለሳል። ስለዚህ በሽቦ አጥር የተከፈሉ ብዙ ትንንሽ ማሳዎች ያስፈልጉ ነበር። የቤቱ እመቤት እንቁላልና የወተት ክሬም ይዛ ቅዳሜ ማታ ወደ ከተማ ትሄድና ስኳርና ቡና ትገዛበታለች፤ ሱቆችም በዚያ ምሽት አምሽተው ይከፈቱ ነበር። የገበያ ቀን ያለው ሕዝብ እኛ ብቻ አለመሆናችንን ከዚህ ተማርሁ። ኤሌክትሪክ ወደ ገጠሩ የገባው በአብዛኛው የገጠር መብራት ሕግ በ1936 ከወጣ በኋላ፣ ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ነው። ስለዚህ በ1950 ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው የገበሬ ልጅ በኩራዝ ብርሃን ማጥናቱን ገና አልረሳም ነበር። እኔም አልረሳሁም።

በካርታው ላይ ከቤቶቹ መካከል ልዩ ምልክት ያላቸው ጥቂት ነጥቦች አሉ፤ እነርሱም ትምህርት ቤቶች ናቸው። ልጆች ከሁለት ማይል ብዙ እንዳይርቁ ተብሎ በአንድ ታውንሺፕ ውስጥ ዘጠኝ ያህል ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ፣ መምህሩም አንድ ብቻ ነው፤ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉት ልጆች በአንድ ምድጃ ዙሪያ ይማራሉ። መምህሪቱ ብዙ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በቅርቡ የጨረሰች የዐሥራ ስምንት ወይም የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። በጧት ቀድማ ደርሳ እሳት ታነዳለች፤ የአንደኛ ክፍሉን ፊደል አስቆጥራ ወደ ስምንተኛ ክፍሉ ሒሳብ ትዞራለች። በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ይህን ሁሉ ትችል እንደ ነበር ሳስብ፣ እኔ ለአንዲት ታናሽ እኅቴ አንድ ገጽ ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደምቆጣ ትዝ ብሎኝ አፈርሁ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በ1960ዎቹ አጋማሽ ፈጽመው ተዘጉ፤ ልጆቹም በአውቶቡስ ወደ ከተማ ይወሰዱ ጀመር። ትምህርቱ በላቦራቶሪና በመጻሕፍት ዳብሯል፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ጎረቤታሞች የሚሰበሰቡበት ቤት አብሮ ተዘጋ።

ይህ ሁሉ መልክ የጸና ይመስል ነበር። ነገር ግን ካርታው በታተመበት ሰዓት መፍረስ ጀምሮ ነበር። ነገሩ የመጣው ከጠላት ወይም ከድርቅ አይደለም፤ የመጣው ከመልካም ነገር ነው። ትራክተር መጣ፤ በ1954 በአሜሪካ እርሻዎች ላይ የትራክተሮች ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈረሶችና ከበቅሎዎች ቁጥር በለጠ። ፈረስ ሲቀር አጃ ለማን ይዘራል? አጃው ቀረና በስፍራው አኩሪ አተር ተተካ። የተዳቀለ የበቆሎ ዘርም ቀደም ብሎ ገብቶ ነበር። በኤምስ ኮሌጅ የተማረው ሄንሪ ዋላስ በ1926 የዘር ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1933 በአዮዋ በዚህ ዘር የተዘራው መሬት ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ መላው ግዛት ማለት ይቻላል ተቀብሎታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የፋብሪካ ማዳበሪያ ረከሰና ማገጥና ፍግ ሳይኖሩ በቆሎን በየዓመቱ መዝራት ተቻለ። ከብቱ ሲቀር አጥሩም ተነቀለ።

የምርቱ ነገር በእኛ ልኬት ሲሰላ ይህን ይመስላል። በ1930ዎቹ ከአንድ ኤከር 40 ቡሽል ገደማ ይገኝ ነበር፤ ይህም ለአንድ ሄክታር 25 ኩንታል ያህል ነው። ዛሬ 200 ቡሽል ገደማ ይገኛል፤ ይኸውም 125 ኩንታል ነው። ይህን ላነበበ ገበሬ ምቀኝነት ቢይዘው አይፈረድበትም። ነገር ግን ሌላውም ቁጥር ሊነበብ ይገባል። በ1950 በአዮዋ ግዛት ከ200,000 የሚበልጡ እርሻዎች ነበሩ፤ በ2022 በተደረገው ቆጠራ 87,000 ያህል ቀርተዋል። ትራክተርና ማጨጃ የገዛ ገበሬ ዋጋውን ለመመለስ ተጨማሪ መሬት ይፈልጋል፤ ተጨማሪ መሬት የሚገኘው ደግሞ ከጎረቤት ነው። በ1980ዎቹ ብዙዎች በዕዳ ምክንያት እርሻቸውን አጥተዋል። ማዳበሪያውም በዚያው በተቀበረው ቧንቧ እየታጠበ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝም በሚሲሲፒ በኩል ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል፤ በዚያም በየበጋው ዓሣ የማይኖርበት ውሃ እንዲፈጠር ምክንያት ሆኗል።

የስቶሪ አውራጃ ግን ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለው። በ1858 በወጣ ሕግ የግዛቱ የእርሻ ኮሌጅ የተመሠረተው በዚህ አውራጃ ነው፤ ዛሬ የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው እርሱ ነው። በባርነት የተወለደው ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1894፣ ሁለተኛውን በ1896 የተቀበለው ከዚህ ነው። በ1959 የሶቪየት ኅብረት መሪ ክሩሽቾቭ ወደ አዮዋ በመጡ ጊዜ በኤምስ አልፈው የኮሌጁን ዐሣማዎች ጎብኝተዋል። ለእኛም የሚደርስ ነገር አለ፤ ከአውራጃው ጥቂት በስተደቡብ በምትገኘው በዴሞይን ከተማ የሚሰጠውን የዓለም የምግብ ሽልማት በ2009 ያገኙት አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር ያወጡት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ገቢሳ እጄታ ናቸው። በኮሌጁ ምክንያት የኤምስ ከተማ ስለ አደገች የአውራጃው ሕዝብ አልቀነሰም፤ በ1950 ከ44,000 ጥቂት ይበልጥ የነበረው በ2020 ከ98,000 በላይ ሆኗል፤ ከዚህም ውስጥ ከ66,000 የሚበልጠው በኤምስ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሰው አውራጃው በሁሉም ወገን የለማ ይመስለዋል። ገጠሩ የሳሳ መሆኑን ለማወቅ ነጥቦቹን መቁጠር ያስፈልጋል።

በዚህ ዓመት በመጻሕፍት ቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ያንኑ አውራጃ ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ አየሁት። መንገዶቹ ሁሉ በስፍራቸው አሉ፤ ካርታውን አጠገቡ ዘርግቼ አንድ በአንድ አገናኘኋቸው። ቤቶቹ ግን እንደ ነበሩ አይደሉም። በአንዳንድ ስፍራ ነጥብ በነበረበት የበቆሎ ረድፍ ብቻ አለ። በአንዳንዱ ደግሞ በሰሜንና በምዕራብ ወገን የተተከሉት ዛፎች እንደ ተሰበረ ማዕዘን ቆመው ቀርተዋል፤ የሚከልሉት ቤት የለም።

ለዕረፍት ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርኋቸው። «ልጆቹስ ወዴት ሄዱ?» አሉኝ። «ወደ ትምህርት ቤት» አልኋቸው፤ እውነትም ነው፤ ከኮሌጁ የወጣ የገበሬ ልጅ ወደ እርሻው የተመለሰው ጥቂቱ ነው። አባቴ ይህን ሰምተው ዝም አሉ፤ እኔም ነገሩ ወደ ራሴ እንደ ዞረ ስለ ገባኝ ዝም አልሁ። የመልቀቂያ ፈተና ስወስድ የምሞላውን ትምህርት እስካሁን አልነገርኋቸውም። ቆይተው ግን ከት ብለው ሳቁና «ታዲያ ድንበር የሚገፋ ጎረቤት እንኳ አልቀረላቸውማ» አሉ።

በማግሥቱ ጧት ከእርሳቸው ጋር ወርጄ የእርሻችንን ዳር በገመድ ለካሁት። ጎረቤታችንም ከሩቅ አይተውን ነበርና «ደግሞ ምን ልታመጡ ነው?» እያሉ መጡ፤ ትምህርት ነው ብዬ ባስረዳቸው የገመዱን ሌላ ጫፍ ያዙልኝ። ልኩን በካርታው አምሳል በወረቀት አንሥቼዋለሁ፤ አንድም ቀጥ ያለ መሥመር የለበትም። ሁለቱም ወረቀቶች በጂኦግራፊ ክፍል ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ስለ ተሰቀሉ ለማየት የሚፈልግ ሁሉ መምህሩን አስፈቅዶ ሊያያቸው ይችላል።